ሐዋርያት ያልናቸው ባቡሮች

ጽሑፌን ተቀብለውታል! የድሮ ባቡር የሚወዱ የዙሪክ ጡረተኞች ማኅበር አላቸው። ስለ ቀዮቹ ባቡሮች ታሪክ በጀርመንኛ የጻፍኩትን፣ ባቡሮቹ ለመጨረሻ ጊዜ በሚጓዙበት ቀን፣ በመጪው ቅዳሜ፣ ፉርጎው ውስጥ ሊሰቅሉልኝ ነው። የላኩልኝን ደብዳቤ ዙሪክ አጠገብ ሽሊረን ያለው ቤታችን ደረጃ ላይ ቆሜ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ሮጬ ገብቼ ለአባባ በአማርኛ ነገርኩት።

«እሰይ የኔ ልጅ!» አለና ሻዩን ማማሰል ቀጠለ። ስኳር ግን አልጨመረበትም ነበር።

ባቡሮቹን የሚያጸዳው አባባ ነው። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ እኔን ይዞ ከአገር ሲወጣ፣ እማዬ አያቴን ለማስታመም አዲስ አበባ ቀረች። ያለን ጊዜያዊ የመኖሪያ ወረቀት ስለሆነ እማዬን ለማስመጣት ሦስት ዓመት መጠበቅ ነበረብን፤ አባባም ሥራ እንዳለው ማሳየት አለበት። ሦስቱ ዓመት ባለፈው ወር ሞላ። ሥራው ደግሞ ከቀዮቹ ባቡሮች ጋር ያበቃል። አዲሶቹን የሚያጸዳው ሌላ ድርጅት ነው።

ታሪካቸውን ከመጽሐፍ አይደለም ያገኘሁት፤ ከመቀመጫ ስር ነው። አባባ ማታ ማታ ይነግረኝ ነበር። ባቡር ውስጥ ማጨስ የተከለከለው እኛ ሳንመጣ ነው፤ እሱ ግን ከመቀመጫው ስንጥቅ እስካሁን የሲጋራ አመድ ይፍቃል። በሩ አጠገብ ቀለሙ ተልጧል፤ ከቀዩ ስር ሌላ ቀይ፣ ከዚያ ስር ደግሞ ጠቆር ያለ ቀይ አለ። ሦስት ጊዜ ተቀብተዋል ማለት ነው። መስኮታቸው ወደ ታች ይከፈታል፤ የአዲሶቹ አይከፈትም። ከፊት የሚጎትታቸው ሎኮሞቲቭም የላቸውም። እያንዳንዱ ጥንድ ጎማ የራሱ ሞተር አለው፤ በአንዱ ባቡር በድምሩ አሥራ ሁለት። ከየጣቢያው ተፈትልከው የሚነሱት ለዚህ ነው።

ስለዚህ ሐዋርያት እንላቸዋለን። አንዱ ሞተር የተበላሸ ቀን አባባ ጫማውን እያወለቀ «ዛሬ ይሁዳ ከድቷል» ይላል። ሁለት ከሆነ ደግሞ «ጴጥሮስም ካደ፤ ዶሮውን ጠብቂ!»

እኔ ሆዬ ዙሪክ በሙሉ እንዲህ የሚጠራቸው መስሎኝ! «ሕዝቡ ሐዋርያት ይላቸዋል» ብዬ ጻፍኩ። ጡረተኞቹ በደብዳቤያቸው «ዕድሜያችንን ሙሉ ስንሳፈርባቸው ይህን ስም ሰምተን አናውቅም፤ ከየት አገኘሽው?» አሉኝ። ይህን ሳነብለት አባባ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀ።

«ሕዝቡ እኔና አንቺ ነና!»

ወዲያው ጄኔቫ ያለችው አክስቴ፣ የአባባ ታላቅ እህት፣ ደወለች። ስነግራት በስልክ እልል አለችልኝ። ከዚያ «አባትሽን አገናኚኝ» አለች። ድምጿ ጎላ ያለ ስለሆነ ሁሉንም ሰማሁ።

«ሥራ አገኘህ?»

«ዋሊሰለን ያለውን የገበያ ማዕከል ጠይቄ ነበር እትዬ። ወረቀቴን አይተው መለሱኝ።»

«ሚስትህንስ ምን አልካት?»

«ትንሽ ቆዪ አልኳት።»

«እስከ መቼ?»

አባባ የቀዘቀዘውን ሻይ ጠጣው።

ጽሑፌ ሥራ አይሆነውም። ከእማዬ ማመልከቻ ጋር ላያይዘው አስቤ አስተማሪዬን ጠይቄያት ነበር፤ እንደማይጠቅም በደግነት ነገረችኝ። ማመልከቻውንም ገና አላስገባነውም። አሁን ምን ብለን እናስገባዋለን? ያም ሆኖ ደስ ብሎኛል፤ ምን ላድርግ?

«ቅዳሜ ትመጣለህ አይደል?» አልኩት።

«እኔ እኮ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ አላውቅም።»

«እኔ አስቀምጥሃለሁ!»

«ዓርብ የመጨረሻ ጽዳቴ ነው። አሳምሬ አጸዳላቸዋለሁ። የቅዳሜውን ግን ተዪው፣ የኔ እመቤት።»

ለመንኩት፤ እምቢ አለ። ከቅዳሜ በኋላ ባቡሮቹ ተቆራርጠው ለብረት ይሸጣሉ።

እንግዲህ እናንተ ኑልኝ። ባቡሩ ቅዳሜ ጠዋት ከዙሪክ ተነስቶ በዋሊሰለን አድርጎ ዲቤንዶርፍ ደርሶ ይመለሳል። መስኮቱን ዝቅ አድርጉት። ጽሑፌ ሁለተኛው ፉርጎ ውስጥ በሩ አጠገብ ነው። አንብባችሁ ስትጨርሱ ከመቀመጫው ስር፣ እስከ ስንጥቁ ድረስ፣ እጃችሁን ስደዱ። አመድ አታገኙም።