የጓሮው ጣቢያ ሹም

አባቴ ባቡር ነጂ ነበር። ጡረታ ሲወጣ ባቡሩን አልሰጡትም እንጂ ቢሰጡት ኖሮ ይዞት ቤት ይመጣ ነበር። ስላልሰጡት ራሱ ሠራው። ናስና መዳብ ቆርጦ፣ ሞርዶ፣ በይዶ፣ ከክንድ የማትረዝም የእንፋሎት ባቡር አወጣ። መጫወቻ እንዳትመስላችሁ። ቦይለሯ ውስጥ እውነተኛ ውሃ ይፈላል፣ ከሥሩ የአልኮል እሳት ይነድዳል፣ የግፊት መለኪያዋ የሸሚዝ ቁልፍ ብታክልም ሥራዋን ታውቃለች። አንድ ጎረቤታችን "በባትሪ ነው የምትሄደው?" ብሎ ቢጠይቀው አባቴ ለወራት ሰላምታ ነፍጎት ነበር።

ሀዲዱ ጓሯችንን ይዞራል። ከኩሽናው መስኮት ሥር ይነሣና በቆስጣው መደብ ጥግ ታጥፎ፣ የውሃ መውረጃውን ቦይ በድልድይ ተሻግሮ፣ ከልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ሥር በተቆፈረ ዋሻ ሾልኮ፣ ተመልሶ መስኮቱ ሥር ይደርሳል። ያ መስኮት ጣቢያው ነው። የጣቢያው ሹም ደግሞ እናቴ ነበረች።

እናቴ በወጣትነቷ ባቡር ጣቢያ ትኬት ቆራጭ ነበረች። "ያን ሁሉ ዘመን ትኬት ስቆርጥ ማንም ያልሾመኝን፣ አንተ በቆስጣ ላይ ልትሾመኝ ነው?" ብላ መጀመሪያ ላይ አሾፈችበት። እሱ ግን አልቀለደም። አባቴ መቀለድ የሚሆንለት ሰው አልነበረም። ሹም ሳይፈቅድ ባቡር ከጣቢያ አይለቅም፤ በቃ። ቅዳሜ ከሰዓት ያጠራቀመውን የዝናብ ውሃ ይሞላል፤ የቧንቧው ውሃ ቦይለሯን ያቆሽሽብኛል ይላል። መንኮራኩሮቿን ዘይት ያጠጣል፣ እሳቱን ይለኩሳል። ግፊቱ ሲደርስ አሮጌ የሥራ ቆቡን ይደፋና መስኮቱ ሥር ቀጥ ብሎ ይቆማል።

"ክብርት ሹም፣ እንፋሎት ሙሉ ነው። መስመሩ ክፍት ነው? ይፈቅዳሉ?"

ሳምንቱን ሙሉ "አንቺ" የሚላትን ሴት ቅዳሜ "እርስዎ" ይላታል። እሷም እጇን በሽርጧ ጠርጋ ብቅ ትልና ሀዲዱን ግራና ቀኝ ታያለች። ድመቷ ሀዲዱ ላይ ተጋድማ እንደሆነ ታባርራታለች። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ "ይለፍ!" ትላለች።

ተኳርፈው እንኳ ይህ አይቀርም ነበር። ኩርፊያቸው ደግሞ የዋዛ አልነበረም፤ ጨው አቀብለኝ ለመባባል እኔን አስተርጓሚ ያደርጉኝ ነበር። ቅዳሜ ሲደርስ ግን እናቴ ፊቷን እንዳኮሳተረች መስኮቱን ትከፍትና "ይለፍ!" የምትለዋን እንደ ድንጋይ ትወረውርበታለች። ባቡሯ መጀመሪያ ውሃ ትተፋለች፣ ታስላለች፣ ከዚያ ትንፋሿን አግኝታ ቹፍ ቹፍ እያለች በቆስጣው ጥግ ትታጠፋለች። ጥቂት ከዞረች በኋላ ሁለቱም ሲሥቁ እሰማለሁ። ዛሬ ሁለቱም የሉም፤ ጓሮውም የሌላ ሰው ነው። ያ የጋለ ዘይትና የእንፋሎት ሽታ ግን አሁንም ይናፍቀኛል። ከዚያ የሚበልጥ ሽታ አለ ብሎ ማንም ቢከራከረኝ አልሰማም።

አባቴን "ለምን እንዲህ ታከርራለህ?" ስለው የአንድ ባልደረባውን ታሪክ ያመጣ ነበር። ሰውየው ጣቢያ ላይ ቆሞ ሳለ ሹሙ እጁን ሲያወናጭፍ አየና ሂድ ያለው መስሎት ለቀቀ። ሹሙ ለካ ዝንብ እያባረረ ነው። ከወዲያ ከሚመጣው ባቡር ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ ተፋጠው ቆሙ። ደግነቱ ሰው አልተጎዳም፤ ነጂው ግን እስከ ጡረታው "ዝንቡ" እንደተባለ ቀረ።

"ሀዲድ ላይ 'መሰለኝ' የሚባል ነገር የለም" ይላል አባቴ።

ከዕለታት አንድ ቀን እናቴን ስትሮክ መታት። እጇ ተመለሰ፣ እግሯም በከዘራ ተመለሰ፣ ምላሷ ግን አልታዘዝ አላት። የሚወጣት አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ ሳሙና። ውሃ ስትፈልግ "ሳሙና"፣ ሲበርዳት "ሳሙና"፣ እኔን ስትጠራኝ "ሳሙና"። ልትል የፈለገችውን ታውቃለች፤ የሚወጣው ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ ላይ ራሷም ትሥቅ ነበር።

ከሆስፒታል በወጣች በመጀመሪያው ቅዳሜ አባቴ እሳቱን ለኩሶ መስኮቱ ሥር ቆመና ጠየቀ። እናቴ ግራና ቀኝ አየች፣ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

"ሳሙና!"

አባቴ ንቅንቅ አላለም። "ክብርት ሹም፣ ይፈቅዳሉ?"

"ሳሙና!"

ባቡሯ በቆመችበት ትርፉን እንፋሎት እያፏጨች ታፈሳለች። "አባዬ፣ ፈቀደች እኮ! ምን ትጠብቃለህ?" አልኩት።

"ቃሉን አላለችም።"

"ካልቻለችስ?"

"ትችላለች። ዛሬ ካልሆነላት ሌላ ቀን ትለዋለች" አለና እሳቱን አጠፋ።

አጥብቆ ከጠበቀው ቃሉ የሚመጣ መስሎት ነበር፤ አሁን ሳስበው ይገባኛል። ያኔ ግን ያንን ቆቡን ቀምቼ ቦይ ውስጥ ብወረውረው አንጀቴ ቅቤ ይጠጣ ነበር። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ያው ነው። እሱ ይጠይቃል፣ እሷ ትታገላለች፣ ሳሙና ይወጣል፣ እሱ እሳቱን ያጠፋል። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ሲጠይቃት ዝም ብላ አየችውና መስኮቱን ዘጋችው።

ከዚያ ወዲህ ሳሙናም ቀረ። የፈለገችውን በጣቷ ታሳያለች፤ ካልገባን ትተወዋለች። አፏን ገጥማ አልጋዋ ጫፍ ላይ ትውላለች። ለክትትል ሆስፒታል ስንሄድ ሐኪሙ ይህን ሰምቶ አልወደደውም። "ልክም ይሁን ስህተት፣ ብቻ ታውራ። ዝም ካለች ያላትንም ታጣዋለች" አለን።

ወደ ቤት ተመልሰን በሩ ላይ ስንደርስ አባቴ "አፏን የዘጋሁት እኔ ነኝ" አለኝ። ተናድጄ ስለነበር አላስተባበልኩለትም።

ቅዳሜ ከሰዓት የአልኮሉ ሽታ ቤት ድረስ ገባ። አባቴ ቆቡን ደፍቶ፣ ኮቱን እስከ ላይ ቆልፎ የእናቴ ክፍል በር ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ።

"ለጣቢያው ሹም፣ ለነጂዎች በሙሉ። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ መስመር የመልቀቂያው ቃል ተለውጧል። 'ይለፍ' ቀርቷል። 'ሳሙና' ካልተባለ ባቡር አይንቀሳቀስም።"

እናቴ ያሾፈባት መስሏት ፊቷ ጨለመ። ትክ ብላ አየችው። የሚያሾፍ ሰው ፊት አልነበረም፤ ይህን ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ከዘራዋን ይዛ ተነሣች፣ ቀስ እያለች ወደ ኩሽና ሄደች፣ መስኮቱን ከፈተች። እሱ በጓሮ በር ሮጦ ዞሮ ከሥር ደረሰላት።

"ክብርት ሹም፣ እንፋሎት ሙሉ ነው። ይፈቅዳሉ?"

"ሳሙና!" አለች፣ ጎረቤት በሚሰማው ድምፅ። ባቡሯ ውሃዋን ተፍታ ሄደች። አባቴ ተከትሏት መሮጥ ሲገባው እዚያው ቆሞ ዓይኑን ይጠርጋል። እኔም ያው ነበርኩ።

ከዚያ ወዲህ መስኮቱ ተዘግቶ አያውቅም። ቃላቷም አንድ በአንድ፣ እንደ ዘገየ ተሳፋሪ፣ እየተንጠባጠቡ ተመለሱ። ከብዙ ጊዜ በኋላ በአንዱ ቅዳሜ አባቴ ሲጠይቃት ከአፏ ጥርት ብሎ "ይለፍ!" ወጣ። ራሷም ደነገጠች። እኔ ጮኼ ዘለልኩ። አባቴ እንባው በጉንጩ እየወረደ፣ ከቆመበት ግን ንቅንቅ አላለም።

"ክብርት ሹም፣ ደንቡ ተለውጧል" አላት። "ቃሉን አላሉም።"

ቀልዶ ይሁን ከልቡ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። እናቴ የመስኮቱን ጠርዝ ይዛ እስኪያማት ሣቀች።

"ሳሙና፣ አንተ ሽማግሌ!" አለችው።