«ተመስገን» የማይለው ሳይክል ሠሪ

ኮተቤ መንገድ ዳር አንዲት የቆርቆሮ ክፍል አለች፤ ከደጇ ላይ ሁለት ሦስት ሳይክል ጎማቸውን ወደ ሰማይ አንጋጠው ሳይገለበጡ የዋሉበት ቀን የለም። ክፍሏ የወልደ ኢየሱስ ናት። ሰፈሩ ወልዴ ይለዋል፣ ልጆቹ ደግሞ ጋሽ ወልዴ። ፍሬን በማጥበቅ የሚያህለው በየካ ክፍለ ከተማ የለም ይባላል፤ ሐሰት አይደለም።

አንድ ነገር ግን አለበት። «እንደምን አደርክ?» ሲሉት «ተመስገን» አይልም።

ይህ ደግሞ በእኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም። ቤቱ የፈረሰበት ሰው እንኳ «ተመስገን» ይላል። ጥርሱን ሲያመው ያደረ፣ ጉንጩ አብጦ አፉ አልከፈት ያለ ሰው እንኳ እንደምንም ብሎ «ተመስገን» ይላል። ወልዴ «አለሁ» ብሎ ያልፋል። «እግዜር ይመስገን በል እንጂ፣ ምን ነካህ!» ብለው ሲቆጡት አንገቱን ይደፋና ጎማውን ያሽከረክራል። አንዳንዱ «ኮራ» አለ፣ አንዳንዱ «ሃይማኖቱን ለወጠ» አለ፤ የሰው አፍ መቼ ሥራ ፈቶ ያውቃል። ሚስቱ ዳርቱ እንኳ ምክንያቱን አታውቅም። የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም በዚያው መስመር ሚኒባስ የሚነዳው ሱፊያን ነው። ቃሉ ለመጨረሻ ጊዜ ከወልዴ አፍ የወጣው እሱ ፊት ነውና።

ወልዴ ሳይክልን የተዋወቀው በማከራየት ነው። ገና ጎረምሳ ሳለ ከእንጦጦ ግርጌ ባለች ሜዳ ላይ አራት አሮጌ ሳይክሎች አሰልፎ ለሰፈር ልጆች በሩብ ሰዓት ያከራይ ነበር። ሴት ልጅ መጥታ አታውቅም። አንድ ቅዳሜ አንዲት ቀጭን ልጅ ከባሕር ዛፉ መሐል ወጣችና ሳንቲሟን ዘርግታ «አሳየኝ» አለችው። ዳርቱ ነበረች፤ ቤታቸው ከዳገቱ ላይ ነው። ሦስት ቅዳሜ አስተማራት። በአራተኛው ቀሚሷን ቋጥራ፣ እየሳቀች፣ ብቻዋን ሜዳውን ዞረች። የሰፈሩ ጎረምሶች መጀመሪያ አፏጩ፣ ቀጥለው ተሳደቡ፣ ከዚያ ድንጋይ አነሱ። አንዱ ድንጋይ ግንባሯን አገኛት። ደሟን ሳትጠርግ ወንድሟ ደረሰና «አዋረድሽን!» ብሎ እዚያው ደበደባት። ወልዴ ቆሞ አየ። እነሱ ብዙ ነበሩ፣ እሱ አንድ፤ ቢሆንም ቆሞ ማየቱን ለራሱ ይቅር ብሎት አያውቅም። ዳርቱ ከዓመታት በኋላ አገባችው፤ ሳይክል ላይ ግን ዳግመኛ አልወጣችም። ጠባሳው ዛሬም ከሻሿ ሥር አለ።

እንግዲህ ልጃቸው ባርኮት በስድስት ዓመቷ «አባዬ፣ እኔም ልንዳ» ስትለው ምን ይበላት? እምቢ ቢል የዳርቱን ወንድም መሆኑ ነው፤ እሺ ቢል ድንጋዩ አለ። እሺ አላት። ግቢ ውስጥ፣ የውጭውን በር ዘግቶ።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ መገናኛ አንድ ማተሚያ ቤት ሥራ ያዘች። የታክሲ ሰልፉ ያው የምናውቀው ነው። «በሳይክል ልመላለስ» አለች። አንዲት ጎረቤት ሰምታ «ሳይክል ሴት ልጅን ያበላሻል፤ ነገ ማን ያገባታል?» ብላ መጣች። ዳርቱ ግንባሯን ዳሰሰችና ወደ ጓዳ ገባች። ያን ጊዜ ወልዴ አንድ ዘዴ ፈጠረ፤ በዘዴውም ሲኮራ ከረመ። የራሱን ሰፊ ጃኬት አለበሳት፣ ሹሩባዋን ጠቅልሎ ሄልሜቱ ውስጥ አስገባላት። «ማንም ቢናገርሽ እንዳትመልሺ፤ ድምፅሽ ያጋልጥሻል» አላት።

ማታ እየሳቀች ገባች። «አባዬ፣ ወያላው ‹አንተ! ጠርዝህን ያዝ!› አለኝ!»

«አንተ አለሽ?»

«አንተ!»

ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ከሥራ ስትመለስ «ዛሬስ?» ይላታል፤ «አንተ ብቻ» ትለዋለች። በአንተና በአንቺ መካከል ያለችው አንዲት ፊደል ናት፤ በዚያች ፊደል ሁለት ዓመት ሙሉ ያለ ድንጋይ ተመላለሰች። ወሬው ተሰማና ሦስት የሰፈር አባቶች ወልዴን ምክር ጠየቁት። ሦስት ሴት ልጆች ጃኬት ለበሱ፤ አንዷ ከጎኑ ያለው የባለሱቁ የጎበና ልጅ ነበረች።

እሑድ እሑድ ማለዳ አባትና ልጅ ወደ እንጦጦ ይወጡ ነበር። አንድ ቀን ዳገቱ ላይ ቆመው ውኃ ሲጠጡ አንዲት ፈረንጅ ሴት ቁምጣ ለብሳ ሳይክሏን እየነዳች አለፈች። የመንገድ ዳር ልጆች አጨበጨቡላት፤ እናቶቻቸውም «ጎበዝ! በርቺ!» አሉ። ባርኮት ሞቋት ሄልሜቷን ስታወልቅ ሹሩባዋ ትከሻዋ ላይ ወረደ። ሲያጨበጭቡ የነበሩት ልጆች አፈጠጡባት። «እንዴ፣ ሴት ናት! አታፍርም?» አለች ከእናቶቹ አንዷ፤ ካጨበጨቡት አንዱ ደግሞ ጓል አፈር ወረወረባት።

ባርኮት አፈሩን ከጀርባዋ አራገፈች። «አየህ አባዬ? እሷ ጭኗን አሳይታ ተጨበጨበላት። እኔ ጸጉሬን አሳይቼ ተወረወረብኝ።»

«እሷ እንግዳ ናት» አላት።

«እሺ፣ እኔስ ምንድን ነኝ?»

ወልዴ «ሄልሜትሽን አድርጊ» አላት።

ናዝሬት የምትባል ልጅ ወደ ሱቁ መምጣት የጀመረችው በዚያ ሰሞን ነው። ሴት ሳይክል ነጂዎችን አሰባስባ ማኅበር ያቋቋመች፣ ለሳይክል በተሰመረው መንገድ ላይ መኪና እንዳይቆም ከቢሮ ቢሮ ስትንከራተት የምትውል፣ ግማሽ አማርኛ ግማሽ እንግሊዝኛ የምታወራ ልጅ ናት። «ጋሽ ወልዴ፣ መንገዱ ቢሰመርም እኛ ኢንቪዝብል ከሆንን ምን ዋጋ አለው?» አለችው።

«ምን ከሆናችሁ?»

«ካልታየን ማለቴ ነው።»

«መታየት ድንጋይ ያመጣል፣ ልጄ።»

ናዝሬት ሳቀች። ባርኮት ግን አልሳቀችም፤ ማኅበሩ ውስጥ ገባች።

በሰኔ የመጀመሪያ እሑድ ሴቶቹ ከመገናኛ ተነሥተው እንጦጦ ሊወጡ ቀጠሩ። ለሁሉም ቢጫ ቲሸርት ታደለ። ናዝሬት ጠንቃቃ ናትና እያንዳንዷ ደረቷ ላይ ስሟንና አደጋ ቢደርስ የሚደወልበትን ስልክ እንድትጽፍ አደረገች። ባርኮት በወፍራም እስክሪብቶ ስሟን፣ ከሥሩም የአባቷን ቁጥር ጻፈች።

የዚያን ዕለት ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቢጫውን ለብሳ፣ ሹሩባዋን ለቃ ወጣች። ወልዴ በሩ ላይ ቆመ።

«ጃኬቱስ?»

«ዛሬ ይቅርብኝ፣ አባዬ።»

«መገናኛ ስትደርሺ ታወልቂዋለሽ። እዚያ ብዙ ናችሁ፤ እስከዚያ ግን ብቻሽን ነሽ።»

«እስከ መቼ ነው ወንድ የምሆነው?»

«እስከ መገናኛ» አላት፣ ሊያስቃት ፈልጎ።

አልሳቀችም። ግን አባቷን ትወዳለች፤ ሲፈራ ማየት አይሆንላትም። ጃኬቱን ደረበችና ዚፑን እስከ አንገቷ ዘጋች። ሹሩባዋን ራሱ ጠቅልሎ ሄልሜቱ ውስጥ አስገባው። የአገጯን ማሰሪያ ሲያጠብቅላት «ድሮ አንተ ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር» አለችው። «አሁን ግን የሌለሁ ይመስለኛል።» ወልዴ ጎንበስ ብሎ ፍሬኗን ፈተሸ፤ ደህና ነበር። ሄደች።

ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሱፊያን ሚኒባሱን ጠርዝ አስያዘና በመስኮት ብቅ አለ።

«ጋሽ ወልዴ፣ ሰምተዋል? ከላምበረት አለፍ ብሎ አሸዋ የጫነ መኪና ሳይክል ነጂ ገጨ። አሁን አንስተው ወሰዱት።»

መፍቻው ከወልዴ እጅ ወደቀ።

«ሴት ናት ወንድ?»

«ወንድ ነው።»

«አይተኸዋል?»

«በዓይኔ! ጎረምሳ ነገር ነው።»

«ተመስገን!» አለ ወልዴ። በሹክሹክታ አይደለም፤ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ፣ ጮክ ብሎ።

ወዲያው አፈረ። «የማን ልጅ ይሆን? ለእናቱ ይድረስላት» አለ። ባርኮት ጋ ሊደውል አሰበና እየነዳች ስልክ እንዳታነሣ የከለከላት ራሱ ስለሆነ ተወው። ለሱፊያን ሻይ አዘዘለት። ከዚያ መፍቻውን አነሣና አንዲት የተጣመመች ጎማ ማቃናት ጀመረ። «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው፤ እያፏጨ ነበር የሚሠራው።

ስልኩ የጮኸው አራት ሰዓት ላይ ነው። ቁጥሩን አያውቀውም።

«የባርኮት ወልደ ኢየሱስ አባት ነዎት?» አለች አንዲት ሴት።

«ቁጥሬን ከየት አገኘሽው?» አላት። ሰው እንዲህ ባለ ጊዜ የሚጠይቀው አይጠፋውም፤ የሚፈራውን ላለመስማት ሌላ ነገር ይጠይቃል።

«ቲሸርቷ ላይ ነው። ከጃኬቱ ሥር ስለነበረ ቶሎ አላየነውም፤ ይቅርታ ያድርጉልን።»

ሆስፒታል ሲደርስ ፊቷ ተሸፍኗል። ወረቀቱ ላይ መጀመሪያ «ስሙ ያልታወቀ ወንድ» ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ በላዩ ተሰርዞ የባርኮት ስም ገብቷል። የደወለችለት ነርስ ደግ ሴት ነበረች፤ ታጽናናው መስሏት የሆነውን ሁሉ ነገረችው። «እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል ነበረች። እጇን ይዤላት ነበር። ሁለት ጊዜ ‹አባዬ› ብላለች።»

ሦስት ሰዓት ተኩል። ወልዴ ሰዓቱን ወደ ኋላ ቆጠረው። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ጎማ እያቃና ያፏጭ ነበር። ሱፊያን «ሴት ናት» ቢለው ኖሮ የት እንደ ወሰዷት ጠይቆ፣ በዚያው ሚኒባስ በሩብ ሰዓት ይደርስላት ነበር። ማዳኑን ማዳን አይችል ይሆናል። እጇን ግን እሱ ይይዘው ነበር፤ «አባዬ» ስትልም «አቤት» የሚላት አታጣም ነበር። ከድንጋዩ ሰውሯት ነበር፤ ለካ ከራሱም ሰውሯታል።

ለለቅሶው ከድንኳኑ ውጪ አርባ ያህል ሳይክሎች ቆሙ። ሴቶቹ ቢጫቸውን እንደ ለበሱ፣ ጸጉራቸውን እንደ ለቀቁ መጡ፤ በዚያን ቀን ድንጋይ ቀርቶ ክፉ ቃል የወረወረ አልነበረም። ለዚህ ሰው መሞት ነበረበት? ሱፊያን ሦስት ቀን ሙሉ ከድንኳኑ ጥግ አልተነሣም። በሦስተኛው ቀን ወልዴ አጠገብ መጥቶ በርከክ አለ። «ጋሽ ወልዴ፣ ወንድ መስላኝ ነው...» አለና እንባው አቋረጠው። ወልዴ ትከሻውን ያዘው። «አንተ ምን አጠፋህ? እንድትመስልህ አድርጌ የላክኋት እኔ ነኝ።» ስለዚያች «ተመስገን» ግን ሁለቱም ምንም አልተነጋገሩም፤ እስከ ዛሬም አልተነጋገሩም።

ዳርቱ ስለ ጃኬቱ አልወቀሰችውም። «ባታለብሳት በድንጋይ ታልፍብን ነበር» አለችው፣ ጠባሳዋን በሻሿ ጫፍ እየሸፈነች። ስለ ጃኬቱ ይቅር ብላዋለች። ልጇ መንገድ ላይ ወድቃ ሳለ አባቷ እጁን ዘርግቶ እንዳመሰገነ ግን አታውቅም። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ወልዴ ያቺን ቃል ሊመልሳት አልቻለም፤ ዳግመኛ ላለማውጣት ግን ይችላል። «አለሁ» የሚለው ስለዚህ ነው።

ከአርባው በኋላ ልጆቻቸውን ጃኬት ወዳስለበሱት አባቶች ሄደ። ጎበናን «የልጅህን ጃኬት አውልቅላት፤ እንደ ተፈጠረች ትታይ» አለው።

ጎበና ተቆጣ። «ከዚያስ? ልጄን ለድንጋይ ልስጣት?»

የጎበና ልጅ ዛሬም በጃኬት ትመላለሳለች፤ ወልዴ በየሳምንቱ ቅዳሜ ፍሬኗን በነፃ ያጠብቅላታል፣ የናዝሬትን ልጆችም እንዲሁ። በዓመቱ ሴቶቹ እንደገና ወደ እንጦጦ ሲወጡ ናዝሬት «ሁለት ቃል ይናገሩልን» ብላ ለመነችው። አርባውንም ሳይክል አንድ በአንድ ፈትሾ፣ ምንም ሳይናገር ወደ ቤቱ ገባ።

ባለፈው ወር ነው፤ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ሱፊያን የልጁን ትንሽ ሳይክል ሊያሠራ መጥቶ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ጎበና ከታች በኩል እያለከለከ መጣ። «መታጠፊያው ላይ አንድ ሳይክል ነጂ ወደቀ!»

ወልዴ ምንም አልጠየቀም። መፍቻውን ወርውሮ፣ እጁን ሳይጠርግ፣ የራሱን ሳይክል ከግድግዳው ላይ አነሣ።

«ኧረ ይቀመጡ፣ አይደንግጡ!» አለው ጎበና። «ወንድ ነው እኮ፣ ጋሽ ወልዴ! በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ወንድ ነው!»

ሱፊያን አንገቱን ደፋ።

ወልዴ አንድ እግሩን ፔዳሉ ላይ አድርጎ ዘወር አለ። «ይሁን» አለ። «ልያት።»