መርዶ ይዞ ሬኔሳንስን መጎብኘት

ለዚህ ጉዞ ከቤት የወጣሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ቲኬቱ ላይ ተጽፏል፦ «የሬኔሳንስ ሳይንስና ጥበብ፣ ከአስጎብኚ ጋር፣ የአንድ ቀን የአውቶቡስ ጉዞ፣ ምሳን ጨምሮ»። ሁለተኛው የትም አልተጻፈም። ጓደኛዬን ሰይድን ከቤቱ አውጥቼ በፈረንጅ አቆጣጠር እስከ ከሰዓት በኋላ አምስት ሰዓት ድረስ እንዳልመልሰው ሚስቱ ዘሃራ አደራ ብላኛለች። እናቱ ደሴ ላይ ሞታለች። እሱ አልሰማም።

ዘሃራ ዓርብ ማታ ስትደውልልኝ ድምጿ የታፈነ ነበር። ሰይድ እንዳይሰማት ጋራዥ ገብታ ነው የምታወራው።

«ወንድሙ ሐሰን ነገ ከኮሎምበስ ይመጣል፤ ፍላይቱ ከሰዓት በኋላ አራት ሰዓት ላይ ነው የሚያርፈው» አለችኝ። «እሱም አያውቅም። ሰይድ ታሟል ብለን ነው የጠራነው። ሁለቱን አንድ ላይ እናረዳቸዋለን። እስከዚያ ያንን የፈረንጅ ጉብኝትህን ይዘኸው ሂድ፣ በአላህ።»

ይህን ልማድ አልወደውም። እናቱ የሞተችበትን ሰው ሳይነግሩ ማቆየት፣ ስለ ገዛ ሐዘኑ ከሰፈሩ ሁሉ በኋላ እንዲያውቅ መፍረድ ነው እያልኩ በየለቅሶ ቤቱ ስከራከር የኖርኩ ሰው ነኝ። በለቅሶ ቤት መከራከር ወዳጅ አያበዛም። ቢሆንም ከጋራዥ ለምታለቅስ ሴት ክርክር አይነሳም፤ እሺ አልኳት። ሰዓሊው ሁሉ ሞትን የሚስልበትን ዘመን ሊጎበኝ የሚሄድ አውቶቡስ ለዚህ ተግባር ተስማሚ ስለመሆኑ ያሰብኩት ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው።

ጠዋት፣ ብሩክሊን ሴንተር

ከምኖርበት ሰፈር ከክሪስታል ተነስቼ ሰይድ ቤት ስደርስ ሰማዩ እንደ አሮጌ ብረት ድስት ነበር። መጋቢት መጨረሻ ላይ በረዶው በረዶነቱን ይተዋል፤ በየፓርኪንጉ ጥግ ጨውና አሸዋ የጠጣ ጥቁር ክምር ሆኖ ይቀመጣል። ሰይድ በሥራ ቀን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይነዳል፤ ቅዳሜ ደግሞ መተኛት ይወዳል። በር ላይ ጃኬቱን ለብሶ እያጉረመረመ ጠበቀኝ።

«እኔን አውቶቡስ ላይ ጭነህ ልታዝናናኝ ነው፣ ምሁሩ?»

ልጁ ሂክማ ደረጃው ላይ ቆማለች። እዚሁ ተወልዳ ያደገች የኮሌጅ ተማሪ ናት። ዓይኗ በርበሬ መስሏል።

«ይቺ ልጅ ምን ሆናለች?» አለ ሰይድ።

«አለርጂ ነው» አለች ዘሃራ ፈጥና።

«በዚህ በረዶ ምን አበባ አግኝታ?»

«አይም ፋይን፣ አባ። ጀስት ጎ» አለች ሂክማ ወደ ግድግዳው እያየች።

«ስልኬስ የት ገባ?»

«ስክሪኑ ተሰንጥቋል ስትል አልነበር? ሂክማ ልታሠራልህ ነው።»

«ከተሰነጠቀ ስንት ወሩ! ዛሬ ነው ያዘናችሁልኝ?»

በአደባባይ ሲዋሹ የኖሩ መንግሥታትን አይቻለሁ። እንደዚህ ቤተሰብ ደካማ ውሸታም ግን አላየሁም፤ ያዳናቸው ሰይድ የሚጠረጥር ሰው አለመሆኑ ብቻ ነው።

አውቶቡሱ የተነሳው ከገበያ ማዕከሉ ፓርኪንግ ነው። ተጓዦቹ አብዛኛዎቹ ጡረታ የወጡ ነጮች ናቸው፤ ጫማቸው ሁሉ ለእግር ጉዞ የተሠራ፣ ጉዞው ሁሉ በመቀመጫ። አስጎብኛችን ማርጋሬት የምትባል የቀድሞ የኬሚስትሪ አስተማሪ ናት።

«ህዳሴ ስትለኝ እኔ ግድቡን መስሎኝ ነበር» አለ ሰይድ። «እነሱም ህዳሴ አላቸው?»

«የነሱ ካለቀ ቆየ።»

«ያለቀ ነገር ለማየት ነው ሠላሳ አምስት ዶላር ያወጣኸው?» ብሎ ወደ ሾፌሩ አንገቱን አሰገገ። «እየው፣ እየው! ሚረር ሳያይ ሌን ቼንጅ አደረገ።»

እሱ በዚህ እየተቆጣ ሳለ ሚኒያፖሊስ ገባን።

ረፋድ፣ ሙዚየሙ

በደቡብ ሚኒያፖሊስ ያለው ሙዚየም መግቢያው ነፃ ነው። ማርጋሬት በትንሽ ቀይ መብራት እየጠቆመች የዚያ ዘመን ሰዓሊዎች ርቀትን እንዴት በሒሳብ እንደሣሉ አስረዳችን፤ ወለሉ፣ ጣሪያው፣ ዓምዱ፣ መስመሩ ሁሉ ወደ አንዲት ነጥብ ይሄዳል። ነጥቧ ላይ ሙት ልጇን የታቀፈች እናት ነበረች። በሚቀጥለው ክፍል አንገቱ የተቆረጠ፣ ከዚያ ቀጥሎ ቀስት የተተከለበት።

«እነዚህ ሰዎች ወይ ሲወለዱ ነው ወይ ሲሞቱ» አለ ሰይድ። «በመሃሉ ሥራ አልነበራቸውም?»

ስቄ ላልፈው ስል አንድ ሥዕል ፊት ቆመ። መቁጠሪያ የያዘች አሮጊት ናት፤ የሀብታም እናት ሳትሆን አትቀርም፤ ሰዓሊው ግን የእጇን ጅማት አልደበቀላትም። ማርጋሬት ስለ ቀለሙ ስታወራ እሱ እጇን ብቻ ያያል።

«እማዬ እንደዚህ ነው የምትይዘው። ዶቃው እንዳያመልጣት በአውራ ጣቷ ጨምቃ» አለኝ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ዛሬ ቅዳሜ አይደል? ምሳ ላይ ስልክህን ታውሰኛለህ።»

ሰይድ ለእናቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ይደውልላታል። እዚህ እኩለ ቀን ሲሆን እዚያ መሽቷል፤ ኢሻ ሰግዳ ከመተኛቷ በፊት ያገኛታል። ይህን ዘሃራ ረስታዋለች፤ እኔም አላሰብኩትም።

ምሳ፣ ዌስት ሴንት ፖል

ምሳችን ሮበርት መንገድ ላይ ካለ የሜክሲኮ ምግብ ቤት ነበር። ሰይድ ሥጋው ሐላል ስላልሆነ የዓሣ ታኮ አዘዘ፤ ጥሩ ታኮ ነው፣ ጎመኑ ትኩስ፣ ሎሚው የማይሰሰትበት። ሁለተኛውን ሳይጨርስ እጁን ዘረጋ።

«ስልክ።»

«ባትሪ ጨርሷል።»

ወዲያው ኪሴ ውስጥ ጮኸ። ሰይድ ማኘኩን አቆመ።

«ይሄማ የሬኔሳንስ ባትሪ ነው፤ ዳግም ተወለደ» አለና ሳቀ።

የደወለችው ዘሃራ ናት። ወደ ውጭ ወጣሁ።

«ሐሰን ተሳፍሯል» አለችኝ። «እሱስ እንዴት ነው?»

«ታኮ እየበላ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ።»

ተመልሼ ወደ ደሴ ሞክሬ ኔትወርክ እንዳጣሁ ነገርኩት። ውሸቱ ያለምንም ችግር ወጣልኝ፤ ያ ነው ያስደነገጠኝ። ሰይድ እጁን በናፕኪን ጠረገ።

«አትተኛም እኮ» አለ። «ካልደወልኩ አትተኛም። ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ቁጭ ትላለች።»

ከዚያ በኋላ የቀረበልኝን አልነካሁም።

ከሰዓት፣ ሴንት ፖል

ቀጣዩ ማረፊያ የአንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ነበር፤ የድሮ የሕክምና መጻሕፍት የሚቀመጡበት ቀዝቃዛና ጸጥ ያለ ክፍል። በመስታወቱ ውስጥ በተገለጠ መጽሐፍ ላይ የተሣለ፣ ቆዳው የተገፈፈ ሰው ጡንቻውን ሁሉ እያሳየ ከተራራ ፊት ቆሟል። ማርጋሬት ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገረችን። ከዚያ ዘመን በፊት መምህሩ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጦ የጥንቱን መጽሐፍ ያነብ ነበር፤ ሬሳውን የሚቆርጠው ከሥር ያለ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ያኔ ገላ መቁረጥ የሱ ሥራ ነበር። መጽሐፉ የሰው ጉበት አምስት ክፍል አለው ይላል፤ የተከፈተው ሰው ጉበት ግን እንደዚያ አይደለም። ለዘመናት ሁሉም መጽሐፉን አመነ። በኋላ አንድ መምህር ከወንበሩ ወርዶ ቢላዋውን በራሱ እጅ ያዘ፤ ያየውንም ጻፈ።

ሰው በመጻሕፍት መካከል ሲያረጅ የሚሰማውን ሁሉ ለራሱ የተነገረ አድርጎ መውሰድ ይለምዳል። እስካሁን ከወንበር ላይ ሳነብ ኖሬ፣ ቢላዋው እጄ ላይ በወደቀበት ቀን ልሸሽ ነው? አልኩ። እማዬ ስልኩን ይዛ ትጠብቀኛለች ብሎ የሚጨነቅን ሰው እስከ ማታ ማታለል የትኛው ርኅራኄ ነው? አሁንም ቢሆን ጥያቄው ስህተት ነበር አልልም።

ሌሎቹ ወደ ቀጣዩ መስታወት ሲያልፉ ክንዱን ያዝኩት።

«ሰይድ፣ እናትህ አትጠብቅህም። ትናንት አርፋለች።»

መጀመሪያ ፈገግ አለ። ቀጥሎ ፊቴን አየ። ከንፈሩ ብቻ ተንቀሳቀሰ፤ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን»።

«ተቀበረች?»

«ተቀብራለች።»

«ዘሃራ ታውቃለች? ሂክማስ?»

«ሁሉም ያውቃሉ። ሰው ሰብስበው ማታ ሊያረዱህ ነው።»

አፉ ተከፈተ፤ ጩኸት ሊወጣው ነበር። አንዲት ተጓዥ አሮጊት ዞር አለች፤ በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ቀና አለ። ሰይድ የጃኬቱን እጅጌ አፉ ውስጥ ከትቶ ነከሰው። ማርጋሬት በጫፍ እግሯ መጥታ ውኃ ይፈልግ እንደሆነ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ። ትከሻውን ልይዝ ስል ገፋኝ።

«ለምን እዚህ ነገርከኝ?»

«እውነቱ ያንተ ስለሆነ።»

«እውነቱማ የትም አይሄድም ነበር። ማታም ያው ነው። እኔ እዚህ ማን አለኝ?»

ዙሪያውን አየሁ። መጻሕፍት፣ መስታወት፣ ቆዳ የሌለው ሰውዬ፣ እኔ። እንዲህ አንድ ሰው ብቻውን ቆሞ ለማየት ነው ከወንበሩ የወረድኩት።

የመጨረሻው ማረፊያ የኮሌጁ ጣሪያ ላይ ያለው ቴሌስኮፕ ነበር። ሰማዩ በደመና ስለተዘጋ ማርጋሬት ሊታይ የሚገባውን በቃሏ ነገረቻቸው አሉ። እኛ አውቶቡሱ ውስጥ ቀረን። ሰይድ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ቆየ፤ ከዚያ ሳይዞር ጠየቀኝ።

«ሐሰንስ?»

«አልሰማም። ታመሃል ብለውት ነው የሚመጣው።»

«እኔ ታምሜ?» ሳቅ የመሰለ ነገር ከጉሮሮው ወጣ። ወዲያው ጠፋ። «የመጨረሻ ልጇ ነው። እጇ ላይ ነው ያደገ። እኔ ቀድሜው ልሰማ?»

ከመስኮቱ ዞሮ ክንዴን ያዘኝ።

«ስማ፤ አንተ ምንም አልነገርከኝም። ገባህ?»

ማታ፣ ወደ ብሩክሊን ሴንተር

በዘጠና አራት አውራ ጎዳና ስንመለስ ሚሲሲፒን ተሻገርን፤ ወንዙ ግማሹ በረዶ፣ ግማሹ ጥቁር ውኃ። ሰይድ ፊቱን በመጠጥ ውኃ ታጠበ፣ ጢሙን አበጠረ። ሰፈሩ ስንደርስ ለማርዳት የተሰበሰቡት ሰዎች መኪናቸውን ከቤቱ ሁለት መንገድ ርቀው አቁመዋል፤ ተደብቀው። ሰይድ እያንዳንዱን መኪና በባለቤቱ ስም እየጠራ አለፈ።

በሩ ሲከፈት ቤቱ ሙሉ ነው። ሐሰን ከሶፋው ዘሎ ተነስቶ አቀፈው።

«ታመሃል ብለውኝ! ምንህን ነው? ቆመህ ነው እንዴ የምትሄደው?»

«ደህና ነኝ፤ ድካም ነው» አለ ሰይድ። «ና፣ እዚህ አጠገቤ ተቀመጥ።»

ሐሰንን ጎኑ አስቀመጠና ክንዱን በትከሻው ዙሪያ አጥብቆ አሳለፈ። ሼህ ኑሩ፣ በሁለቱም ዘንድ እንደ አባት የሚከበሩ ሽማግሌ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ። ሰይድ መሬቱን እያየ እስከ መጨረሻው ቃል አዳመጠ። ሐሰን ሲጮህና ወደ ፊት ሲወድቅ የያዘው እሱ ነው፤ አስቀድሞ ይዞት ነበርና። ከዚያ እሱም ያፈነውን ለቀቀ። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እጅጌው ላይ የነከሰው ጩኸት እዚህ ወጣ፤ ብዙ እጅ ደገፈው።

ዘሃራ እያለቀሰች ወደ እኔ መጣች።

«አላህ ይስጥህ። ሳትነግረው አመጣህልን።»

ላርማት ስል ሰይድ አውቶቡሱ ውስጥ ያለኝ ትዝ አለኝና «አሜን» አልኳት። ሰው በማታለል አሁንም አላምንም። ግን መርዶን እንደ ዜና ቆጥሬው ኖሬአለሁ፤ ቶሎ ቢደርስ የሚሻል። እነዚህ ሰዎች ቀኑን ሙሉ የደከሙት ዜናውን ለመደበቅ አልነበረም። ሲወድቅ የሚይዘው እጅ እየሰበሰቡ ነበር። ያንን ለማየት ማንም ሬሳ መክፈት አያስፈልገውም፤ እኔ ግን የአንድ ወዳጄን ደረት ከፈትኩ።

ኮቴን ሳላወልቅ በሩ ላይ ቆሜ ልወጣ ሳስብ ሰይድ ያበጠ ፊቱን ቀና አድርጎ አየኝ። አይቶኝ ዓይኑን ወዲያው መለሰ። ከዚያ ሐሰንን ወደ ራሱ ሳብ አድርጎ ምንጣፉ ላይ ቦታ ለቀቀ።

«ምን ቆመሃል?» አለ። «ተቀመጥ እንጂ።»