የእማዬ ስድስት ክሬዲት

ባለፈው ቅዳሜ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስተን አሌክሳንድሪያ እህቴ ቤት ለምሳ ስንሄድ፣ ትልቁ ድልድይ ላይ መኪናው ሁሉ ቆሞ ነበር። ልጄ ሰላም ስልኳን እያየች አንድ ወሬ ነገረችኝ። በትንሽ ክፍያ ኦንላይን የወሰደቻቸውን ኮርሶችና ሰርተፊኬቶች ኮሌጇ ክሬዲት አድርጎ ተቀብሎላታል። አንድ ዓመት ሙሉ ተቀነሰላት ማለት ነው። እሰይ ብዬ ልስማት ዘወር ስል፣ “ማሚ፣ ፕሊስ ለእነ አክስቴ እንዳትነግሪያቸው፤ ቺፕ ነው፣ ርካሽ ዲግሪ ነው ይሉኛል” አትለኝም! እኔ ደግሞ ስናደድ አፌን አልይዝም። እናትሽ በምን የተመረቀች መሰለሽ አልኳት። መንገዱ እስኪከፈት የነገርኳትን ነው አሁን የምጽፈው።

ያኔ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር። አሌክሳንድሪያ ወንዙ ዳር ባለ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነበርኩ፤ የምኖረው ግን ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ስሄድም ስመለስም ባቡር ላይ ሆኜ አጠናለሁ። አካውንቲንግ ነበር የምማረው። ሁሉንም ኮርስ ኮሌጁ በሚጠይቀው ዋጋ ልክፈል ብል ኖሮ ዛሬም አልመረቅም ነበር። ስለዚህ ለቃቀምኩ። ተፈትኖ ክሬዲት የሚገኝበት ካለ እፈተናለሁ፤ በርካሽ ሰርተፊኬት የሚሰጥ ትምህርት ካለ እወስዳለሁ። ትቀበሉታላችሁ ወይ ብዬ ኮሌጁን ሳልጠይቅ ግን መጽሐፍ አልከፍትም፤ ሞኝ አይደለሁማ።

በመጨረሻው ዓመት፣ ከገና በኋላ፣ እማዬ ከደብረ ብርሃን ለስድስት ወር መጣች። አባቴ ምረቃዬን ሳያይ ነው ያረፈው። እሷም ስኳር አለባት፤ ያን ሁሉ መንገድ ሁለተኛ እንደማትመጣ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። የመጣችው ስመረቅ ልታየኝ ነው። ምረቃው ግንቦት፣ መመለሻዋ ሰኔ። ሁሉም ነገር ልክክ ብሎልኝ ሳለ የኮሌጁ አማካሪ ጠራችኝና የውጭ ቋንቋ ስድስት ክሬዲት ይጎድልሻል አለችኝ። ክፍል ገብቼ ልማር ብል ሌላ አንድ ዓመት ነው። እማዬ ሳታየኝ ልትመለስ ነው ብዬ እዚያው ፊቷ አለቀስኩ። አማካሪዋ መሐረብ እየሰጠችኝ ቋንቋውን በፈተናም ማሟላት እንደሚቻል፣ ከሚፈተኑት ቋንቋዎች አንዱም አማርኛ እንደሆነ ነገረችኝ። እንባዬን ሳልጠርግ ሳቅሁ። አማርኛ! ይሄማ ስጦታ ነው አልኩ።

እማዬ ስትሰማ ፊቷ አልፈካም። “ሳይማሩ መመረቅ ደግሞ ምን የሚሉት ነው?” አለችኝ። ለእሷ ትምህርት ማለት ደብተር ይዞ ሄዶ፣ አስተማሪ ፊት ተቀምጦ፣ ተቆጥተውት የሚገኝ ነገር ነው። አገር ስትመለስ ዘመድ ልጅሽ የት ተማረች ሲላት የምትመልሰው ጠፍቶባት ተጨነቀች። ቢሆንም እስቲ እንደ ፈታኝ ቁጠሪኝና ሥራሽን ንገሪኝ አለችኝ።

እኔም ተዝናንቼ ጀመርኩ። “ጠዋት ሺፍት ስጀምር ሪዘርቬሽኖቹን ቼክ አደርጋለሁ፤ ከዚያ ሌት ቼክአውት ያላቸውን ኮል አድርጌ...”

እማዬ ጎመኗን መክተፍ አቆመች። “ልጄ፣ ‘ጠዋት’ ያልሽውን ሰምቻለሁ፤ ሌላው አለፈኝ” አለች።

ስቄ ላልፈው ነበር፤ ግን ፊቴ ጋለ። ስጦታ ነው ያልኩት ፈተና ሊጥለኝ እንደሚችል ያን ጊዜ ገባኝ።

ሁዳዴ ነበር። ውጭ በረዶው ቀልጦ መንገዱ ሁሉ ጭቃ ሆኗል፤ ቤታችን ሽሮና ጎመን ይሸታል። እማዬ ከገበታችን ላይ እንግሊዝኛን አገደች። አንድ ቃል ካመለጠኝ ሰሃኑን ወደ ራሷ ትስበዋለች፤ አስተካክዬ እስክናገር አትመልሰውም። ጾሜን ውዬ፣ ሆዴ ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ እገባና “ዛሬ በጣም ቢዚ...” ስል ሽሮው ከፊቴ ይሄዳል። አቤት ጭካኔዋ! ክፍል የያዘውን፣ ቀድሞ የከፈለውን፣ ቁልፍ የጠፋበትን፣ ተቆጥቶ የሚጮኸውን እንግዳ ሁሉ አንድ በአንድ አስረዳኋት። ጥያቄዋ አያልቅም። ያ የሚጮኸው ሰውዬ መጨረሻው ምን ሆነ ትለኛለች። በተራዋ ስለ ሠርጓ፣ ከጎረቤት ጋር ስለተካሰሰችበት መሬት ታወራልኛለች። እናትና ልጅ ሆነን እንደዚያ ቁጭ ብለን ተጫውተን አናውቅም ነበር።

ፈተናው አርሊንግተን ነበር፤ ቀኑ ዝናባማ። የቃል ፈተናውን እንደምንም ተወጣሁት። የጽሑፉ ጥያቄ አንድ የሥራ ቀንሽን ግለጪ የሚል ነበር። እማዬ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ የምትሰማኝ እየመሰለኝ፣ የማይገባትን ቃል እየተውኩ፣ ወረቀቱ እስኪሞላ ጻፍኩ።

ውጤቱ የደረሰኝ ከፋሲካ በኋላ፣ ሥራ ላይ እያለሁ ነው። ስድስቱንም ሰጡኝ። ወዲያው ቤት ደወልኩ። እማዬ እልል ትላለች ብዬ ስጠብቅ፣ “ማን አስተማረሽ ብለው አልጠየቁሽም?” አለችኝ።

“አልጠየቁኝም እማዬ።”

“ይሁን። የጠየቀኝን እኔ እነግረዋለሁ።”

ማን ሊጠይቃት! የምረቃው ዕለት እሷው ጀመረችው። ጋዋን የለበሱ አንድ መምህሬ እንኳን ደስ ያለሽ ሊሉኝ ሲመጡ ነጠላዋን አስተካክላ እጄን ጎተተችኝ። “ስድስቱን ያስተማርኳት እኔ ነኝ በያቸው” አለችኝ። አፍሬም ኮርቼም ተረጎምኩ። ሰውዬው ቆባቸውን አውልቀው እጇን በሁለት እጃቸው ጨበጡና፣ “እንግዲያውስ የሥራ ባልደረባዬ ነዎት” አሏት። ይህንንም ተረጎምኩላት። እማዬ አገር ስትመለስ ዘመዱን ሁሉ ሰብስባ መጀመሪያ የነገረችው ይህንኑ ነው አሉ።

እማዬ ዛሬ በሕይወት የለችም። እኔ ያ ዲግሪ ባስገኘልኝ ሥራ ቤት ገዝቻለሁ፣ ልጅ አሳድጌያለሁ፤ በምን ተመረቅሽ ለሚለኝም ለማይለኝም እናገራለሁ። ክፍያው ነው እንጂ ርካሹ፣ ትምህርቱማ በላብ የመጣ ነው። መኪናው መንቀሳቀስ ሲጀምር ሰላም ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ሁልጊዜ እንግሊዝኛ እየቀላቀለች የምትመልስልኝ ልጅ፣ ቃሉን እየፈለገች፣ “እማዬ፣ እኔም... አማርኛውን ልፈተን?” አለችኝ።

መሪውን ይዤ እንባዬ መጣ። እናቴ ከሞተች በኋላም ሌላ ተማሪ አገኘች።