ማንም ያላፌዘባት ደራሲ

አዋጅ! አዋጅ! የደበሎ ቅዳጅ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የኦበርሞስ ተወላጅ፣ የወተት ሰብሳቢው የኤተርሊን ልጅ፣ የአምስት ልብወለዶች እናት፣ የሁለት ሽልማቶች ባለቤት፣ ቁመቷ ከመቃብሩ አጥር የማያልፈው ፒያ፣ በገዛ መንደሯ ከሰው አለመቆጠሯ ታውቆ፣ ዶሮ ሁሉ በያለበት ቆጥ ላይ ሆኖ ይዘንላት!

በስዊዘርላንዷ ተራራማ መንደር በኦበርሞስ ሰው መሆንህ የሚረጋገጠው በመታወቂያ አይደለም፤ በፌዝ ጋዜጣ ነው። ከሁዳዴ በፊት ባለው ሐሙስ፣ ጎህ ሳይቀድ ከበሮና ጡሩምባ መንደሩን ሲያናውጠው፣ ጭምብል አጥልቆ የሚጨፍረው የመንደሩ ማኅበር የዓመቱን ቂልነት በግጥም አሳትሞ ይሸጣል። ላሙን ከሰው በረት ያሰረ፣ ለሚስቱ ልደት መጥረጊያ የገዛ፣ ሰክሮ ከቄሱ የጎመን መደብ ላይ የተጋደመ፣ ሁሉም እዚያ አለ። የተሰደበ ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል፤ የታለፈ ግን ሾርባው አይወርድለትም። መታለፍ ማለት፣ ሞተሃል፤ ለመቅበር ጊዜ አጥተን ነው ማለት ነው።

ፒያ ዕድሜዋን ሙሉ ታልፋለች። ፖስታ ቤቱ እስኪዘጋ ድረስ ማኅተም ስትመታ ኖረች። የመጀመሪያ ልብወለዷን የጻፈችው ምሳ ሰዓት ላይ፣ ከጥቅል ሚዛኑ አጠገብ ቆማ ነው፤ ዓረፍተ ነገሮቿ እስከ ዛሬ ትርፍ ክብደት አይወዱም። ላምና በሬ የማይለዩት የዙሪክ ሐያስያን «የተራሮች ዝምታ» ይሏታል። የምን ዝምታ! አንድ ቀን መጥተው የኦበርሞስን ቃጭል ቢሰሙ፣ ጆሯቸውን ይዘው በሸሹ ነበር። እሷን ግን ውዳሴያቸው አላጠገባትም። በአንዱ ዓመት መኪናዋን ከአደባባዩ የውሃ ገንዳ ውስጥ ጨመረችው፤ ሆን ብላ ይሁን ሳታስብ፣ እሷና መሪው ያውቃሉ። ሐሙስ ደረሰ። ጋዜጣው መንገድ ላይ ተገትሯል ብሎ ገንዳውን ሰደበ። ስለ ነጂዋ አንድ ቃል የለም!

ይህን ጊዜ ትዕግሥቷ አለቀና የማኅበሩ ሊቀመንበር ወደሆነው ወደ ዊሲ ልኳንዳ ሄደች።

«ዊሲ፣ ምን በድዬህ ነው?»

«ኧረ ምንም አልበደሉንም፣ ወይዘሮ ደራሲ!»

«ወይዘሮህን እዚያው! አንደኛ ክፍል ሳለን ሱሪህ ላይ የሸናህ ቀን፣ ሹራቤን ወገብህ ላይ ያሰርኩልህ እኔ ነኝ።»

የዊሲ ቢላ አየር ላይ ቆመ። «ቀስ በይ እንጂ፣ ደንበኛ ይሰማል! አየሽ ፒያ፣ ባንቺ ላይ መቀለድ አይሆንም። ስንት ሽልማት አለሽ። የክብር ሰው ነሽ።»

«የክብርስ ሐውልት ነው፤ ርግብ የሚያራበት። በሉ እንግዲያው ጋዜጣውን ከምትጽፉበት ጠረጴዛ አስቀምጡኝና ራሴ በራሴ ላይ ልጻፍ።»

«ሴት? ከማኅበሩ ጠረጴዛ?» ዊሲ ከልቡ ደነገጠ። «ከአያቶቻችን ጀምሮ ወንድ ብቻ ነው። ወግ ነዋ! ይልቅ ቋሊማ ልመዝንልሽ?»

ቋሊማውን ትታለት ወጣች። ቤቷ ገብታ የራሷን የፌዝ ጋዜጣ ጻፈች። መጀመሪያ የገረፈችው ራሷን ነው፤ ገንዳውን፣ በሽልማቱ ምሽት ንግግሯን ባቡር ላይ ረስታ አስተናጋጁን «ክቡር ሚኒስትር» ብላ እጅ መንሳቷን፣ ሁሉንም አወጣችው። ከዚያ ጅራፉን ወደ መንደሩ አዞረች። ከቄሱ እስከ ጣራ ሠሪው ማንም አልቀረም። አንድ ሰው ብቻ ቀረ።

በዓመቱ፣ የበዓሉ ሐሙስ ጠዋት የእንጨት ጭምብሏን አጥልቃ አደባባይ ቆመች። ሴቶቹ ወረቀቷን ተሻምተው፣ የወንዶቹን ጋዜጣ የተጠበሰ ስስ ቂጣ ጠቀለሉበት። ዊሲ የድብ ለምዱን እንደለበሰ የፒያን ወረቀት ከራስጌ ወደ ግርጌ፣ ከግርጌ ወደ ራስጌ አነበበ። ሚስቱ በርታ መነጽሯን አደረገች።

«እኔ አለሁ፤ ይኸው፣ ከአማቴ ጋር ስጣላ! ውሻችንም አለ! አንተ ግን... ቆይ እስቲ ጀርባውን ልየው... የለህም፣ ዊሲዬ።»

ድቡ ሕዝቡን በክርኑ እየገፋ ፒያ ፊት ደረሰ።

«ምን አድርጌሽ ነው? ውሻዬን እንኳ ጽፈሽዋል!»

«ውሻህ ታሪክ አለው።»

«እኔስ የለኝም? ከሥጋ ማቀዝቀዣው ውስጥ ራሴ ላይ ቆልፌ፣ ቋሊማ እንደ ሻርፕ አንገቴ ላይ ጠምጥሜ ስንቀጠቀጥ መገኘቴን ያልሰማ አለ?»

«ባንተ ላይ መቀለድ አይሆንም፣ ዊሲ። ሊቀመንበር ነህ። የክብር ሰው።»

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ዊሲ ገንዳው ጠርዝ ላይ ዘጭ አለ።

«አንገቴን ብትቆርጪኝ ይሻለኝ ነበር።»

«አንገትህ ምን ያደርግልኛል? ወንበር ነው የምፈልገው።»

ዊሲ ጺሙን አከከ። «ዳር ላይ?»

«መሃል።»

ጡሩምባው አንድ ዙር ጮኸ። ከዚያ «እሺ፣ መሃል!» አለ፤ «ማቀዝቀዣውን ግን ጥሩ አድርገሽ ጻፊው።»

የሚቀጥለው ዓመት ጋዜጣ በዊሲ ማቀዝቀዣ ተጀመረ። ቀጥሎ «ከሥጋ ሻጩና ከጣራ ሠሪው መሃል የጠፋች፣ እርሳሷ ብቻ የምትታይ የወተት ሰብሳቢው ዳክዬ» የምትል ግጥም ወጣች። ከዙሪክ የመጣ ጋዜጠኛ ትልቁ ክብርዎ የቱ ነው ብሎ ሲጠይቃት፣ ፒያ አንገቷን ቀና አድርጋ ይህችኑ ግጥም በቃሏ አነበነበችለት። እሱም «ምፀት ነው» ብሎ ጻፈ። ምፀት! ሴትዮዋ እንደዚያ ቀን ከልቧ ተናግራ አታውቅም።

ዘንድሮም ማኅበሩ ቂልነት እየሰበሰበ ነው። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ የዓመቱን ጉድህን ሳትቀባባ ጽፈህ ለፒያ ላክላት። እኔ ጉድ የለኝም የምትል ከሆነ ደግሞ፣ እባክህ ብዕሩን ለጎረቤትህ ስጥ፤ እሱ ያውቀዋል።