ዳታችንን የበላው ኪራይ ሰብሳቢ

ነገሩ የሆነው በኢሕአዴግ ዘመን፣ ግምገማ ከመሥሪያ ቤት አልፎ ሰው ግቢ መግባት በጀመረበት ወቅት ነው። «ኪራይ ሰብሳቢ» የሚለውን ቃል በሰማሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ አሁንም ያንገበግበኛል።

መምህርት ነኝ። ከዋጫ ተዛውሬ ቦንጋ ስገባ ጋሽ አድማሱ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ጋሽ አድማሱ የሥራ ሂደት መሪ ነበሩ፤ ሥራቸው ግን ስብሰባ ነው። ሦስት ተከራዮች ከእሳቸው ጋር አዋጥተን አንድ ዋይፋይ አስገባን። ወሩ ሳይጋመስ ዳታው ድርግም ይላል። ጋሽ አድማሱ በረንዳቸው ላይ ሰበሰቡን።

«እዚህ ግቢ ኪራይ ሰብሳቢ አለ!» አሉ ኮታቸውን ቆልፈው። «ግለ ሂስ ይደረግ።»

ሱቅ ያላቸው ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች ተነሥተው «ዓረብ አገር ላለችው ልጄ በምስል ደውያለሁ፤ ጥፋቴ ነው» አሉ። እናት ልጇን ማየቷ ጥፋት ሆኖ አረፈው!

የእኔ ማስረጃ ላፕቶፔ ሆነ። «ፋይል የምታወርጂው አንቺ ነሽ። ትልቅ ዕቃ ብዙ ይበላል» ተባልኩ። ምርመራው ይኸው ነው። «እስክትታረሙ» ብለው ፓስዎርዱን ቀየሩብን።

ለእኔ ቀልድ አልነበረም። ውጭ አገር ነፃ የትምህርት ዕድል ለማግኘት የምልከው ማመልከቻ ቀነ ገደቡ በማግስቱ ያበቃ ነበር። ኢንተርኔት ቤት ሮጥኩ፤ መብረቅ ኮምፒውተሮቹን አቃጥሏቸው ተዘግቷል። ተመልሼ ለመንኳቸው።

«ጋሼ፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ ይክፈቱልኝ።»

«ለግለሰብ ተብሎ አሠራር አይጣስም።»

ቀኑ አለፈ።

ብዙም ሳይቆይ ዳታው አለቀ። እሳቸው ብቻ በያዙት ፓስዎርድ! ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ሌላ ግምገማ ጠሩ። «ፓስዎርዱ ሾልኳል» ብለው ሲጀምሩ ባለቤታቸው እትዬ በቀለች ከውስጥ ብቅ አሉ።

«አንተ ሰውዬ፣ ቀኑን ሙሉ በስልክህ የምታየው የፈረንጆች ትግል አይበላም እንዴ?»

ጋሽ አድማሱ ባላዋቂ ላይ እንደሚስቅ ሰው ሳቁ። «እኔ እኮ አያለሁ እንጂ አላወርድም! ማየት ደግሞ ምን ይበላል?»

እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አደረጉ። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም።

ያ ዕድል ዳግም አልተገኘም። ጋሽ አድማሱ ግለ ሂስ አላደረጉም፤ ይቅርታም አልጠየቁኝም። ወር ሲሞላ እንደ ወትሯቸው በራችንን እያንኳኩ ኪራያቸውን ሰበሰቡ። ዛሬ ከንዴቴ ይልቅ ንቀቴ ይበልጣል። ግቢው ውስጥ ኪራይ ሰብሳቢ አለ ያሉት ግን እውነታቸውን ነበር።