ያልተቆለፈው አማና

ዓቢዳ የመርሳ ልጅ ናት። ወልድያ፣ አንድ ኮሌጅ ውስጥ ኮምፒውተር ታስተምራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ሚኒባስ ይዛ ወደ እናቷ ቤት ስትወርድ፣ ሲሪንቃ ላይ እትዬ ደስታነሽ ሻይ ቤት ገብታ ሻይ ሳትጠጣ አታልፍም። ጦርነቱ ባይመጣ ስለ እሷ የሚወራው ይኸው ብቻ በሆነ። ጦርነት ግን ከአንዱ የሚወደውን ሲወስድ፣ ለሌላው ያልጠየቀውን ሸክም ያሸክመዋል። የዓቢዳ ሸክም የሰው ድምፅ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ታጣቂዎች ወልድያንና የሀብሩን ወረዳ ሲይዙ የስልክ መስመር ተቋረጠ። ሰው ስልኩን በሶላር ቻርጅ ያደርጋል፤ የሚደውልበት ግን የለም። ዓቢዳ ከውርጌሳው ሙስዐብ ጋር ዩኒቨርሲቲ አብረው የተማሩ ናቸው። ሁለቱ መርሳ፣ እናቷ ቤት ተቀምጠው አንዲት ትንሽ መተግበሪያ ሠሩ። ሰው መልእክቱን በድምፁ ይቀዳል፤ ሁለት ስልኮች ሲቀራረቡ ድምፁ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። ኔትዎርካቸው መርሳ አቅራቢያ ያለው የግራና ገበያ ሆነ። ሽንኩርት የምትሸጠውና የምትገዛው ዋጋ ሲከራከሩ፣ የአንዷ ድምፅ ወደ ሌላዋ ኪስ ይገባል። እንዲህ እያለ ሁሉም ዞሮ ዞሮ ዓቢዳ ስልክ ላይ ተጠራቀመ። የእትዬ ደስታነሽን ግን ራሷ ሲሪንቃ ሄዳ ከአፋቸው ቀዳችው። ከዚያ ወዲያ ያለው የሰው እግር ነው። በእግሩ ተራራውን አቋርጦ ኔትዎርክ ወዳለበት የሚወጣ ሰው ያስፈልጋል። ሙስዐብ እኔ እሄዳለሁ አለ።

ድምፆቹን መቆለፍ ይቻል ነበር። ከባለቤቱ በስተቀር ማንም እንዳይከፍታቸው የማድረጉን ሥራ ዓቢዳ ታውቀዋለች፤ ለክፍሏም አስተምራዋለች። አልቆለፈቻቸውም። በእሷ ቤት አማና፣ ማለትም አደራ፣ ሲሰጥ በተቀባዩ ፊት ቋጠሮ አይጠብቅም። የሙሽራ ብርም ይሁን የሟች ኑዛዜ፣ በተዘረጋ መዳፍ ይሰጣል፣ በተዘረጋ መዳፍ ይወሰዳል። በሰውየው ዐይን ሥር ቋጠሮ ማጥበቅ «ሌባ ነህ» ከማለት አይተናነስም። እናቷ እንዲህ አሳድገዋታል። ስለዚህ ቁልፉን አሰበችው፣ አፈረችበት፣ ተወችው። ሙስዐብ በእናቷ ፊት መዳፉን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «አማናው አንገቴ ላይ ነው» አለ። እናቷም ዱዓ አደረጉለት።

አማናውን አደረሰ። ይህን መካድ አይቻልም። ደሴ ሳትያዝ ደርሶ ድምፆቹን በየባለቤታቸው ላከ። የእትዬ ደስታነሽ ልጅ ሲሳይ አዲስ አበባ ሆኖ የእናቱን ድምፅ ሰማ፤ ሰምቶ እንዳለቀሰም በኋላ ተወራ።

በ2014 ዓ.ም. ሰኔ፣ አገሩ ትንሽ ሲተነፍስ፣ የሶፍትዌር ባለሙያዎች ጉባኤ ወልድያ ላይ ተጠራ። አዳራሹ አዲስ ቀለም ተቀብቷል፤ ጥይት የበሳው ቦታ ግን ከቀለሙ ሥር ይታወቃል። ከአዲስ አበባም ከደሴም የመጡ ወጣቶች ላፕቶፓቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተደርድረዋል። ከሀብሩ ወረዳ መሥሪያ ቤቶች የተጋበዙም ነበሩ። ከኋላ ከተቀመጡት አንዱ ሞላ ነው፤ የሲሪንቃ ሰው፣ የእትዬ ደስታነሽ ጎረቤት።

ጠዋት ላይ ፍሬሰላም የምትባል የአዲስ አበባ ልጅ የሰውን መረጃ ስለመጠበቅ ተናገረች። ሥርዓታችሁን ስትሠሩ ማንንም እንዳያምን አድርጋችሁ ሥሩት፣ ራሳችሁንም ጭምር፣ አለች። ዓቢዳ ፈገግ አለች። ልጅቷ ብልህ ናት፤ ግን ማንንም የማያምን ነገር የሠራ ሰው ማታ ከማን ጋር ይበላል ብላ አሰበች። እሷ ያን ጊዜ መተማመን የሰው ጠባይ ይመስላት ነበር። አንድ ሰው በሌላው ላይ የሚጥለው ዕዳ ጭምር መሆኑን፣ ዕዳውንም አንዳንዱ የማይከፍለው መሆኑን የተረዳችው ከምሳ በኋላ ነው።

ከምሳ በኋላ ተራው የሙስዐብ ሆነ። ዓቢዳ ከፊት ወንበር ተቀመጠች። ደረቷ በኩራት ሞልቷል። እሱም አልረሳትም። አብራኝ የሠራችው እዚሁ አለች ብሎ አስነሣት፤ ተጨበጨበላት። ስለ ግራና ገበያ ሲያወራ አዳራሹ ሳቀ፤ ስለ ተራራው መንገድ ሲያወራ ዝም አለ። ያን ጊዜ፣ «አንዱን ላሰማችሁ። ስሙን ቆርጬ አውጥቻለሁ» አለና ላፕቶፑን ነካ።

የሴት ድምፅ አዳራሹን ሞላው።

«ልጄ፣ ደህና ነን። ቤታችን ታጣቂዎች አድረዋል። ያለኝን አቀረብኩላቸው፤ እግራቸውንም አጠብኩ። ወንድምህን እንዳይወስዱብኝ ብዬ ነው። ሌላ ሰው አጣሞ ሳይነግርህ ከኔ ከእናትህ ስማው።»

የአዲስ አበባዎቹ ዐይናቸውን ጠረጉ። ስልኩን አውጥቶ የቀረጸም ብዙ ነበር። ከኋላ ግን ወንበር ተንቋቋ፤ ሞላ ለጎኑ ሰው፣ «የኛዋ ደስታነሽ አይደለችም እንዴ?» ሲል ዓቢዳ ሰማች።

ሲሪንቃ የማን ቤት ማን እንደበላ ገና አልረሳችም። ታጣቂዎቹ ከወጡ ወዲህ ያበላ ሁሉ ተቆጥሮ ነበር፤ ጎረቤት ለጎረቤት ሰላምታ የነፈገበት ጊዜ ነው። የሞላን ወንድም ታጣቂዎቹ የገደሉት፣ እትዬ ደስታነሽ ቤት ባደሩበት በዚያው ሳምንት ነው። እትዬ ደስታነሽ «በር ሰብረው ገብተው ዘረፉኝ» ብለው ነበር፤ ሰውም አምኗቸው ሻያቸውን እየጠጣ ኖሯል። አጥበው አብልተው እንዳሳደሯቸው የሚያውቁት ልጆቻቸውና ድምፁን የተሸከሙት ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

ዓቢዳ ሙስዐብን በረንዳው ላይ ያዘችው። ሰዎች እጁን እየጨበጡት ነበር።

«ስሟን ቆርጬ አውጥቻለሁ እኮ» አላት፣ ሳትጠይቀው።

«ድምፅዋንስ? እዚህ አገር ሰው በምኑ ነው የሚታወቀው?»

«ያለ ድምፅማ ማን ያምነኛል? እነዚህ ሰዎች ነገሩን ለሌሎች ከተሞች ሊያሠሩን ነው፣ ዓቢዳ። ላንቺም ነው።»

«አማና ብዬህ ነበር።»

«አድርሻለሁ። ሲሳይን ጠይቂው።»

«ካደረስክ በኋላ ለምን ለራስህ አስቀረኸው?»

ሙስዐብ ከሰዎቹ ራቅ አደረጋት። ቀጥሎ የተናገረውን ዓቢዳ እስካሁን በየሌሊቱ ትሰማዋለች። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደሚያዝንላት ሰው፣ «እንዳይሰማ ከፈለግሽ ለምን አልቆለፍሽውም?» አላት።

ክህደት ብዙ መልክ አለው። ከሁሉ የሚያመው ግን መልካምነትህን ራሱን ጥፋትህ አድርጎ የሚያሳይህ ነው።

የቀረውን ገለጻ አልጠበቀችም። ቦርሳዋን አንሥታ በሲሪንቃ የሚያልፍ ሚኒባስ ውስጥ ገባች። መንገዱን ሙሉ፣ ወሬው ሳይቀድመኝ ልድረስ፣ ከኔ ይስሙት፣ አለች በልቧ። እትዬ ደስታነሽም ለልጃቸው ያሉት ይህንኑ ነበር። አሁን ግን ስልክ ይሠራል። ሞላ ከአዳራሹ ሳይወጣ ደውሎ ኖሯል።

ከሻይ ቤቱ ፊት ያሉት አግዳሚዎች ባዶ ናቸው። በዚያ ሰዓት ከሥራ የሚወጣው ሰው ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ያወራል፤ አንዱም አልተሻገረም። ዓቢዳ ስትገባ እትዬ ደስታነሽ ቀና አላሉም። ብርጭቆ ያጥባሉ። የታጠበውን መልሰው ያጥባሉ።

«እትዬ፣ እኔ አይደለሁም» አለች። ብላም አፈረች፤ ምክንያቱም ድምፁን ከአፋቸው የተቀበለችው እሷ ናት። «አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ። አምኜው ነው።»

እትዬ ደስታነሽ ብርጭቆውን አስቀመጡ። እጇን አዩ፤ ስልኳን ይዛለች። በአገጫቸው ወደ ውጭ አመለከቱ። ዓቢዳ ገባት፤ ወጥታ ስልኩን ከአግዳሚው ጫፍ ላይ አስቀምጣ ተመለሰች። ያን ጊዜ ነው አሮጊቷ በሹክሹክታ የተናገሩት፣ በገዛ ቤታቸው።

«እኔስ አንቺን አመንኩ፣ ልጄ። እሱን መቼ አውቀው?»

 ሙስዐብ አንገቱ ላይ ያደረገው አማና የማን አንገት ላይ እንደቀረ ዓቢዳ አሁን ታያት።

«ድምፃቸውን የሰጡሽ ሌሎቹ ሴቶችስ ሰምተዋል?» አሉ እትዬ ደስታነሽ።

«አልሰሙም መሰለኝ።»

«እንግዲያው ግራና ሂጂ። ድምፃቸው እሱ ዘንድ እንዳለ ራስሽ ንገሪያቸው። እኔ እንደሰማሁት አይስሙት።»

ሻይ ግን አልቀዱላትም። ዓቢዳም አልጠበቀችም። ወጥታ ስልኩን ስታነሣ የሙስዐብ ጥሪ ይንጫረራል። አልመለሰችለትም። ማዶ የቆሙት ሰዎች እያዩዋት ወደ ግራና የሚሄድ መኪና መጠበቅ ጀመረች፣ የመጀመሪያዋን ሴት ምን ብላ እንደምታናግራት እያሰበች።